ቴርሞስታቱን ማን ጣለው?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ መኪና ካያችሁ ቆም በሉና ባለቤቱን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። «ቴርሞስታት አለው?» በሉት። ወይ «ምንድነው እሱ?» ይላችኋል፤ ወይ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «አስወጥቼዋለሁ!» ይላል። አስወጥቼዋለሁ! ልክ እንደ ትርፍ አንጀት።

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። መኪና የሌላችሁ ዝለሉት። አሮጌ መኪና ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ የእናንተ ገንዘብ ነው።

በዚህ ከተማ «ሞተሬ ይሞቃል» ብሎ ጋራዥ ለገባ ሰው የሚታዘዝለት መድኃኒት የታወቀ ነው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል፣ ፋኑን ዳይሬክት ማሰር፣ ራዲያተሩን የቧንቧ ውሃ መሙላት። ሦስቱም በሽታውን አያድኑትም። ሦስቱም ግን ከጋራዡ ወጥታችሁ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞራችሁ እስክትመለሱ ድረስ ይሠራሉ። መርፌው ይወርዳል፣ መካኒኩ ይመሰገናል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ጉዱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሜዳ ላይ የሚሠራ፣ ዳገት ላይ የሚገድል ጥገና ነው።

የእህቴ ባል በፈረንጆቹ 1996 የተሠራች ኮሮላ አለችው። የቤቱ እንጀራ ከእሷ ነው። በአዘቦት ቀን ሠራተኛ ያመላልሳል፤ ኮንትራት ሲገኝ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ካቻምና መኪናዋ ውሃ መጠጣት ጀመረች። በሁለት በሦስት ቀን ግማሽ ሊትር ገደማ። መሬት ላይ የሚንጠባጠብ የለም፣ ጭስም የለም። መንገድ ሲዘጋጋ ብቻ መርፌዋ ከፍ ትላለች።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሁለት ደቂቃ አየው። «ጋሼ፣ ይሄ ቴርሞስታት ነው፤ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፣ ለእኛ አገር አይሆንም» ተባለ። ወጣ፣ ተጣለ። በሁለተኛው ወር ሌላ ጋራዥ ሄደ፤ ፋኑ ዳይሬክት ታሰረ፣ ቁልፍ ሲዞር ጀምሮ የሚጮህ ሆነ። ሦስተኛው ጋራዥ ራዲያተሩ ውስጥ ቀዳዳ ይደፍናል የሚባል ዱቄት ጨመረበት። ውሃው መጉደሉን አላቆመም። እሱም ተለማመደው፤ ጠዋት ጠዋት ዳዊት እንደሚደግም ሰው በሃይላንድ ውሃ ይዞ ወጥቶ ይሞላ ነበር።

ከዚያ የደብረ ማርቆስ ኮንትራት መጣ።

የአባይን በረሃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ድልድዩን ትሻገራለህ፣ ከዚያ ወደ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። አራት ሰው ከነሻንጣው፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ የቀትር ፀሐይ። መርፌዋ መውጣት ጀመረች። ለመቆም ቦታ ሲፈልግ፣ «እዚያች ጠመዝማዛ ጋ ልድረስ» ሲል፣ ቀዩ ጋ ደረሰች። ከዚያ በድንገት መርፌዋ ወረደች። «ተመስገን፣ ቀዘቀዘች!» አለና መንዳቱን ቀጠለ። ብዙም አልሄደ፣ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ጠፋ።

መርፌዋ ለምን እንደወረደች ልንገራችሁ፤ ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም ይበቃኛል። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የሚለካው የነከረውን ውሃ ነው። ውሃው ፈልቶ ሲያልቅ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል፤ የሚነግርህ የሞተሩን ሙቀት ሳይሆን የከበበውን አየርና እንፋሎት ነው። ሞተሩ እየነደደ መርፌው ይወርዳል። ቀይ ጋ ደርሶ በድንገት የወረደ መርፌ የምሥራች አይደለም፤ ውሃው አለቀ ማለት ነው። እዚያው ቁም፣ አጥፋ።

ቴስታታው ሲወርድ ተጣምሟል። ጓርኒሲዮኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ተበልቷል። ቶርኖ ቤት ሲደርስ ደግሞ በቫልቮቹ መካከል ስንጥቅ ተገኘበት። ሌላ ቴስታታ እስኪገኝ መኪናዋ ስድስት ሳምንት ቆመች፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእህቴ የዕቁብ ገንዘብ ወጣ። የመጀመሪያው በሽታ ምን ነበር? የራዲያተሩ ክዳን። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ግፊት መያዝ አቁሟል። ሦስት ጋራዥ ክዳኑን ከፍቶ፣ በእጁ ይዞ፣ ውሃ ሞልቶ መልሶ ዘጋው። አንዱም ገልብጦ አላየውም።

«ክዳን እንዴት ሞተር ይገድላል?» ትላላችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ታገሱኝ፤ የራሳችን ከተማ ፊዚክስ ነውና።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ድስት ላይ የጣድነው ውሃ የሚፈላው ትምህርት ቤት እንደተማርነው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ሽሮ የምትሠራ እናት አይቸግራትም፤ ሞተር ግን ይቸግረዋል። የብዙዎቹ መኪኖቻችን ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ 90 ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው የሚፈላው ፋኑ በሚነሳበት ሙቀት አካባቢ ነው። መኪናው ሳይታመም ይፈላል።

ክዳኑ የተሠራው ለዚህ ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ያለው ክዳን 0.9 የሚል ተጽፎበታል፤ ወደ 0.9 ባር ግፊት አፍኖ ይይዛል ማለት ነው። ያን ያህል ግፊት ሲጨመርበት አዲስ አበባ ላይ ያለው ውሃ እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ሃያ ሁለት ዲግሪ ገደማ ትርፍ፣ ከአንድ ክዳን! ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ መኪና ክዳኑ ቢሞት እስከ 100 ድረስ ፋታ አለው። እኛ የለንም። «ለእኛ አገር አይሆንም» የሚባል ነገር ካለ፣ ለእኛ አገር የማይሆነው የሞተ ክዳን ነው። የአባይ ዳገት ደግሞ ክፋቱ ሁለት ነው፤ ሞተሩ ሲጨነቅ አንተ ከፍ እያልክ ነው፣ ከፍ ባልክ ቁጥር የመፍያው ነጥብ ዝቅ እያለ ይመጣል።

ክዳኑ ሁለተኛ ሥራም አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ያብጥና ትርፉ ወደ ሪዘርቩ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ተከፍታ ያንኑ ውሃ መልሳ ታስገባለች። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ስትከፍቱት ሪዘርቩ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ካገኛችሁት ክዳኑ አይመልስም ማለት ነው፣ ወይም ወደ ሪዘርቩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ አየር ታስገባለች። ይሄን ለማወቅ ዓይን እንጂ መሣሪያ አያስፈልግም። የእህቴ ባል ወራት ሙሉ ያየው ይሄንኑ ነበር፤ ጠያቂ አጣ።

አሁን ወደ ተጣለው ቴርሞስታት እንመለስ።

ቴርሞስታት በር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ እየተሽከረከረ ቶሎ ይሞቃል። ሲሞቅ በሩ ይከፈታል። ይሄን ብቻ ብታውቁ «በሩን ብነቅለውስ፣ ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን ምን ይጎዳል?» ማለታችሁ አይቀርም። መካኒኩም የሚያስበው እንዲሁ ነው።

የረሳው ነገር አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር ነው። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ ከታች ባለችው ሳህን ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ሞተሩ ውስጥ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ስትነቅለው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይቀራል። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አጭሩን መንገድ ይመርጣል። ስለዚህ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ከተማ ውስጥ፣ በቀስታ ስትነዱ፣ ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ አይታይም፤ እንዲያውም መርፌው ከወትሮው ዝቅ ይላል። ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ያለ የሌለ ውሃው ራዲያተሩን እንዲያገኝ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርበታል። ቶዮታ ራሱ ለመካኒኮች በሚያዘጋጀው የጥገና መመሪያ ውስጥ ሞተሩ የመሞቅ ጠባይ ቢያሳይ እንኳ ቴርሞስታቱን እንዳታወጡ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል የሚል ማሳሰቢያ አለ። ስንቱ ጋራዥ ይሄን መመሪያ ከፍቶ አይቶታል?

(አንዳንዱ ደግሞ «ውሃው በጣም ፈጥኖ ስለሚያልፍ ራዲያተሩ ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያጣል» ይላል። ሐሳቡ ወደ ትክክለኛው መደምደሚያ ቢወስድም ምክንያቱ ልክ አይደለም። ችግሩ ፍጥነቱ ሳይሆን አቋራጩ ነው።)

ሜዳ ላይም ቢሆን በነጻ አይደለም። ኢንጀክሽን ሞተር ውሃው ካልሞቀ «ገና አልሞቅኩም» ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። የኅዳርና የታኅሣሥን ጠዋት አስቡት። ዘይቱም በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ውስጡ የተጠራቀመውን እርጥበትና ቤንዚን ማትነን ያቅተዋል፤ ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ነዳጅ እንዲህ በተወደደበት ዘመን «መኪናዬ ቤንዚን ይበላል» ብላችሁ ካንዴላ ከመቀየራችሁ በፊት ቴርሞስታት መኖሩን አረጋግጡ።

ቴርሞስታቱ እውነት ተበላሽቶ ከሆነ መመርመሩ ቀላል ነው። ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃውን አሙቁ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት መጀመር አለበት። እዚህም አዲስ አበባ ወጥመድ አላት። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት 95 አካባቢ ነው፤ የእኛ ድስት ደግሞ 92 ላይ ፈልቶ ከዚያ አያልፍም። «ግማሽ ብቻ ተከፈተ» ብላችሁ ደህናውን እንዳትጥሉት።

ፋኑን ዳይሬክት ማሰር ደግሞ የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ፋኑ አልነሳም ማለት ከአራት ነገሮች አንዱ ነው፤ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የሙቀት ስዊች ወይም የፋኑ ሞተር ራሱ። በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ የስዊቹን ሶኬት ነቅላችሁ ቁልፉን ብታዞሩ ፋኑ መነሳት አለበት። ከተነሳ ፋኑም፣ ሪሌውም፣ ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው ስዊቹ ላይ ይወድቃል። ግማሽ ደቂቃ። ይሄን ግማሽ ደቂቃ ለመቆጠብ ነው ሽቦ የሚቀጠለው። ከዚያ ፋኑ ጠዋት በብርድ ሳይቀር ይዞራል፣ ዲናሞው ላይ ይጫናል፣ ቶሎ ያልቃል። ያለቀ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ሲጮህ የለመደ ጆሮ ዝም ማለቱን ልብ አይልም።

ውሃውስ? «ኩላንት ለበረዶ አገር ነው» የሚለውን ስንቴ ሰማችሁ? አንድ ነገር ልመንላችሁ፤ ሙቀት በመሸከም ንጹህ ውሃ ከኩላንት ቅልቅል ይበልጣል። ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ኩላንት ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ለእኛ በረዶ መከላከያው ሳይሆን ዝገት መከላከያው ነው። የሞተሩ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ራዲያተሩ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ነው። እነዚህን አንድ ላይ በባዶ ውሃ መዘፍዘፍ መበላላት እንዲጀምሩ መጋበዝ ነው። ራዲያተራችሁን ስትከፍቱ የሚታየው ሻይ የመሰለ ቀይ ውሃ የሞተራችሁ ሥጋ ነው። ዝገቱና የቧንቧ ውሃው ደለል የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፣ የፖምፓውን ማኅተም ይሞርዳል። የመፍያውን ነጥብም ኩላንት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ በ92 ለምንፈላ ሰዎች ጥቂት ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው።

ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ። ለባትሪ የሚጨመረው ውሃ ይሆናል (አሲዱን አይደለም!)። ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ኩላንት ተብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ከምታምኑት ሰው ግዙ። ስትገዙ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጣችሁ ቤት እንዳታስቀምጡት። መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ልጆች አሉ።

ዱቄቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቀዳዳውን የሚደፍነው ዱቄት ቀዳዳ የቱ እንደሆነ፣ የራዲያተር ቱቦ የቱ እንደሆነ አይለይም። በረሃ መሃል ለቀረ ሰው ቤት መድረሻ ይሆነዋል፤ ጋራዥ ውስጥ ለቆመ መኪና ግን ነውር ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ምንድነው? ውሃ በተአምር አይጠፋም፤ የሄደበት ቦታ አለ። ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይም ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ ወይም በክዳኑ ተንፍሶ ይወጣል። ከእነዚህ ውጭ መንገድ የለውም። ይሄን ለመለየት የምትረዳ አንዲት መሣሪያ አለች፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ የምትገጠም፣ ጌጅ ያላት የእጅ ፓምፕ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ትሰጠዋለህ፤ ከዚያ ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ። ጌጁ ካልወረደ ደህና ነው። ከወረደ በባትሪ መብራት ትፈልጋለህ፤ የማኒኮቶ መጋጠሚያ፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክና ብረት የሚጋጠሙበት፣ ከፖምፓው በታች ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፣ የማሞቂያው ራዲያተር፤ በእግርህ ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበ እሱ ነው። የደረቀ ነጭ ወይም ቀይ ዱካ ካየህ ውሃው በዚያ ሲያልፍ ነበር። ክዳኑንም በዚያው መሣሪያ ትፈትነዋለህ።

ግፊቱ እየወረደ ውጭ ምንም ካልታየ ነው ጓርኒሲዮን የሚጠረጠረው። እሱም ምልክት አለው። ጠዋት በቀዝቃዛው አስነስተህ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ ግፊት ከየት መጣ? ከሲሊንደር። ራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ እንዲሁ። ካንዴላዎቹን አውጥተህ ስታስተያያቸው አንዱ ብቻ ታጥቦ የጸዳ ከመሰለ፣ እንፋሎት ነው ያጠበው። በዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ስታይ ግን ቶሎ አትደንግጥ፤ ቴርሞስታቱ የወጣለት፣ አጫጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ከእርጥበት የተነሳ ክዳኑ ሥር እንዲሁ ሊያሳይ ይችላል። በዚህች ምልክት ብቻ ስንት ደህና ቴስታታ ወርዷል! የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለውም ወተት ከመሰለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መቼ እንደሚሞቅም ይናገራል። ቆሞ ሲሞቅና መንገድ ሲከፈት ሲቀዘቅዝ፣ ፋኑን እይ። ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገትና ፈጣን መንገድ ላይ ሲሞቅ፣ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ ፖምፓ፣ ወይም… የተጣለ ቴርሞስታት። መርፌው ከፍ ብሎ የውስጥ ማሞቂያው ግን ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ውሃው ጎድሏል። መካኒክ ጋ ስትሄዱ «ይሞቃል» ብቻ አትበሉ፤ መቼ እንደሚሞቅ ንገሩት።

ቴስታታ መውረድ ግድ ከሆነም ጓርኒሲዮን ቀይሮ መልሶ መግጠም አይበቃም። የእነዚህ ቴስታታዎች መጣመም የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ ቶዮታ ለብዙ ሞተሮቹ የሚፈቅደው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። በዓይን አይታይም፣ በጣት አይዳሰስም። ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ በስስ የመለኪያ ቅጠል ነው የሚታየው። ከዚያ ብሎኖቹ በቅደም ተከተላቸው፣ በቶርክ ሬንች ይጠብቃሉ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ፣ እጁን አመስግናችሁ መኪናችሁን ውሰዱ።

አሁን መካኒኮች በስድብ ሊመጡብኝ ነው። እነሱም እውነት አላቸው፤ ልስማቸው።

አንድ የማውቀው ጎልማሳ መካኒክ ይሄን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ፈልጌ ‘ክዳኑ ነው፣ ሄደህ ክዳን ግዛ’ ብልህ ስንት ትከፍለኛለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም የምናደርገውን አውቃለሁ። «ክዳን ለመንገር ነው እንዴ ብር የምትጠይቀኝ?» ብለን እንጣላዋለን። ቴስታታ ሲያወርድ፣ እጁ ዘይት በዘይት ሲሆን፣ ብረት ሲቆለል ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። የምንከፍለው ለላብ እንጂ ለማወቅ አይደለም። እሱም ልብ ብሏል። ልጆች አሉት፣ የቦታ ኪራይ አለበት፤ ደንበኛው ላይ ቆሞ «ቶሎ በልልኝ፣ ሰው ልወስድ ነው» እያለ ነው። ቴርሞስታት ማውጣት አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ መለዋወጫ አይገዛም፣ ደንበኛው ሲሄድ መርፌው ወርዷል። እኛ ራሳችን ነን ያዘዝነው ለማለት ይቻላል።

ይህን እቀበላለሁ። «ስለዚህ ልክ ነው» ወደሚለው ግን አልሻገርም። ደንበኛው ችኩል ስለሆነ ሐኪም የተሳሳተ መድኃኒት አያዝም። ቢያንስ «ይሄ ጊዜያዊ ነው፣ ዳገት አትውጣበት፣ ተመልሰህ ና» ማለት ብር አያስወጣም። ለእህቴ ባል እንዲህ ያለው ሰው አንድም አልነበረም። የተባለው «ጨርሷል፣ እንደፈለግክ ንዳው» ነው።

ነገሩ የአንድ ኮሮላ ጉዳይ ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ያረጀ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ለምን እንደሆነ፣ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን። የሚያገባን ነገር ይሄ ነው፤ አሁን በእጃችን ያለው አሮጌ ሞተር ተተኪው እየራቀ ነው። ድሮ «ሲሞት ሌላ ሞተር ከሶማሌ ተራ ይገዛል» ይባል ነበር። ያም ከሌላ የሞተ መኪና የወረደ ነው፤ ቴርሞስታቱ ወጥቶለት ዝገት ሲጠጣ የኖረ ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኛ ቅጠሉን ነቅለን የጣልን ነን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ «ለምርመራው ብቻ ስንት ነው?» በሉ። ዋጋ ተስማሙ፣ ክፈሉ፤ ክዳን ሆኖ ቢገኝም ክፈሉ። የግፊት መፈተሻው ፓምፕ እንዳለው ጠይቁ። የሚወጣ ዕቃ ካለ በእጃችሁ ተቀበሉ። ቴርሞስታት ከወጣ አዲስ ከነጎማው ይግባ እንጂ ባዶውን እንዳይዘጋ በሉት። መንገድ ላይ ከፈላባችሁ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ዳር ያዙ፣ አጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክዳኑን እንዳትነኩት፤ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። በተንተከተከ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ቴስታታው የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።

የእህቴ ባል መኪና አሁን ቴርሞስታትም፣ ክዳንም፣ አረንጓዴ ኩላንትም አላት። ፋኗ የሚነሳው መነሳት ሲኖርበት ነው። ባለፈው ወር ደጀንን ወጥታ ወርዳለች፤ መርፌዋ ከመሃል አልተነቃነቀችም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መኪና እጥበት ቤት ኮፈኗን ከፍተው ሳለ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ አየና እንዲህ አለው፦ «አለቃ፣ ይሄን ቴርሞስታት ለምን አታስወጣውም? ለእኛ አገር አይሆንም እኮ።»